ኩዋይ እያኘኩ የሚለካ ጆሮ

ይድረስ ለምሳሳልሽ እናቴ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ እማዬ? ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ? እህቴ ባሪሻ እንደጻፈችልኝ ከሆነ ቁልቁለቱን ስትወርጂ ግራ ጉልበትሽ ይከዳሻል፤ አሁንስ ሻል አለሽ ወይ? መቼም ብርዱ ገብቷል፤ ምድጃው አጠገብ ነው የምትተኚው ወይስ እንደ ልማድሽ ሞቃቱን ቦታ ለእንግዳ ለቀሽለታል? ብርቱካኑ ደረሰ? ጣሪያውስ ዘንድሮም አፈሰሰ? እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፤ የጎደለኝ ያንቺ ናፍቆት ብቻ ነው። ይህን ስል ለደብዳቤ ወግ ያህል እንዳይመስልሽ፤ የእውነቴን ነው።

ለምን በስልክ አይጠይቃትም የሚል ሰው ቢኖር መልሱን አንቺው ታውቂዋለሽ። ባለፈው ስደውል ስለ ሥራዬ፣ ስለ ቤት አከራዬ፣ ስለምበላው ስለምጠጣው ጉሮሮዬ እስኪደርቅ አወራሁ። ባሪሻ ግን ጆሮሽ ሥር ተጠግታ «ደህና ነኝ ይላል!» ብላ ጮኸችና ያን ሁሉ ወሬ በሁለት ሦስት ቃል ጨርሳ አረፈችው። ስለዚህ መነጽርሽን አድርጊና ይህን ራስሽ አንብቢው። ዘለግ ያለ ነው። መጨረሻው ላይ የምለምንሽ ነገር አለ፤ ዘለሽ ግን እሱን እንዳታነቢ።

የላክሽልኝ ኩዋይ በደህና ደርሶኛል። ጥቅሉን ስፈታው የቤታችን ሽታ ክፍሌን ሞላው። ፍሬውም አልደረቀ፣ ቅጠሉም አልጠወለገ። እዚህም ገበያ ላይ እንደ ኩዋያችን ፍሬው በቅጠልና በኖራ ተጠቅልሎ የሚታኘክ ነገር ሞልቷል፤ ግን የደረቀና የጠነከረ ነው፤ የእኛን ጣዕም የሚያውቅ አፍ አይቀበለውም። ክፋቱ፣ አንቺ ደጃፍሽን ለረገጠ ሁሉ የምታድዪውን ነገር እኔ እዚህ ለማን ልስጥ? አከራዬ መጀመሪያ የገባሁ ቀን ብሰጣቸው እጃቸውን ወደ ኋላ ሰብስበው «ደረጃው ላይ እንዳትተፋ ብቻ» አሉኝ። የሙዚቃ ባንዱ ልጆችም ኩዋዩ ከንፈሬን ሲያቀላው እያዩ «ዛሬ ደግሞ ማንን በላህ?» እያሉ ይቀልዱብኛል። ስለዚህ ብቻዬን ጎርሼ ብቻዬን አኝካለሁ። ለሌላ ሰው ሳይሰጡ ኩዋይ ማኘክ ምን ያህል እንደሚከብድ ላንቺ አልነግርሽም።

ባንዱ ያው የምታውቂው ነው። ጆቢን ጊታር ይመታል፤ አለቃችንም እሱ ነው። ኒቬዲታ ትዘፍናለች። ቤዝ የሚመታልን ሰው ከሰላምታ ሌላ ቃል አይወጣውም። እኔ ከኋላ ድራሜ ላይ ነኝ። የምንጫወትበት ሆቴል እንግዶች የድራሙ ጩኸት መብላት ከለከለን ብለው ስለተነጫነጩ፣ ባለቤቱ በዙሪያዬ መስታወት የመሰለ የፕላስቲክ ግርዶሽ አቆመብኝ። በዘፈንና በዘፈን መካከል ጓደኞቼ ዞር ዞር ብለው ይሳሳቃሉ፤ እኔ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ብቻ አያለሁ። ኒቬዲታ አንድ ቀን «ሱቅ ውስጥ የተደረደረ ኬክ መሰልክ እኮ!» ብላኝ ስቄ ነበር። በኋላ ሳስበው ግን የሚያስቅ ሆኖ አላገኘሁትም።

አሁን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እንዳትደነግጪ። ጆሮዬ ይጮኻል። ዝናቡ ሲያባራ ጫካው ውስጥ የሚጮኹትን ነፍሳት ታስታውሺያለሽ? እንደሱ ያለ ድምፅ፣ ግን የማያቆም። መጀመሪያ ማንም እንዳያውቅብኝ ደበቅኩት። ከዚያ ሰው አንድ ነገር ሲለኝ «ምን አልክ?» ማብዛት ጀመርኩ። ጆቢን ቆጥሮ ዘፈን ሲያስጀምር እኔ ዘግይቼ እገባለሁ፤ ከገባሁም በኋላ ከቤዙ ጋር እንጋጫለን። አንድ ቀን ልምምድ ስንጨርስ ለብቻዬ ጠራኝና «ዳም፣ እኔ እወድሃለሁ፤ ግን ስጀምር አንተ የለህም። ለገና በዓል ሆቴሉ በየቀኑ ይፈልገናል። ከዚያ በፊት ጆሮህን አንድ ነገር አድርገው፤ አለዚያ ሌላ ድራመር እጠራለሁ» አለኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

እማዬ፣ እኔ ሌላ ሙያ የለኝም። ከዚህ ሥራ ብወጣ በዚህ ከተማ የሚፈልገኝ ሰው የለም፤ ጆሮዬ ከጠፋ ደግሞ የትም ብሄድ ያው ነው። ያንቺን ጆሮ ያ የድንጋይ መፍጫ ነው የበላው፤ እነዚያን ሁሉ ዓመታት ሥሩ ተቀምጠሽ ለሠራተኞቹ ሻይና ሩዝ ስትሸጪ። የኔን ደግሞ ድራሙ ሊበላው ነው ብዬ ፈራሁ። የምር ፈራሁ።

መፍትሔው ጆሮ ውስጥ የሚወተፍ ማዳመጫ እንደሆነ አውቃለሁ። እስካሁን የሌሎቹን ድምፅ የሚያሰማኝ እግሬ ሥር የተቀመጠ ትልቅ ድምፅ ማጉያ ነው፤ ድራሙን አሸንፎ እንዲሰማኝ እሱም መጮኽ አለበት። ጆሮ ውስጥ የሚገባው ግን የሁሉንም ድምፅ በቀጭን ሽቦ ያመጣልሻል፤ የውጭውን ጩኸት ስለሚደፍን ዝግ አድርጎ ማዳመጥ ይቻላል። ለዘፋኝ ቀላል ነው፤ የራሷን ድምፅ ከሰማች ይበቃታል። ድራመር ግን በእግሩ የሚመታውን ትልቁን ከበሮ ካልሰማ እግሩ የት እንዳለ ይጠፋዋል። ያ ወፍራም ድምፅ ደግሞ ማዳመጫው ጆሮን ጥርቅም አድርጎ ካልደፈነ በትንሽ ክፍተት ሾልኮ ይጠፋል። ቀጭኑ ድምፅ ሁሉ ይቀራል፤ ወፍራሙ ይሄዳል።

መጀመሪያ ገበያ ወርጄ ዝግጁውን ልግዛ አልኩ። ባለ ሱቁ አንዱን ጆሮዬ ውስጥ ወትፎ «ጌታዬ፣ ይሄ የዋሽንት ነፊውን ትንፋሽ ሳይቀር ነው የሚያሰማህ» አለኝ። «ዋሽንት አልነፋም፤ እስቲ ትልቅ ከበሮ ያለበት አሰማኝ» ስለው «ከበሮ ለመስማት ደግሞ ማን ማዳመጫ ይገዛል? መስኮት ክፈት!» ብሎ ሳቀብኝ። የጎማ ጫፍ ያለውን ገዛሁ። ላብ ሲነካው ሙልጭ እያለ ይወጣል፤ አንደኛው በዘፈን መሃል ወልቆ ደረቴ ላይ ተንጠለጠለ። ተጨምቆ ጆሮ ውስጥ የሚነፋውን የስፖንጅ ጫፍ ሞከርኩ። እሱ ያዝ አድርጎኝ ነበር፤ ግን ውስጡ ያለችው ትንሽ ድምፅ ማጉያ ከበሮዬን ስትችል አላየሁም። ትልቁን ከበሮ ስመታ የካርቶን ሣጥን የምመታ ነው የሚመስለው።

በዚህ ላይ አንድ ክፉ ልማድ ያዝኩ። ቀኙን ብቻ እወትፍና ግራውን ክፍት እተወዋለሁ። ሁለቱን ስደፍን ሰው የሌለበት ቤት የገባሁ ይመስለኛል፤ የሳህን ኳኳታው፣ የእንግዶቹ ወሬ፣ ጆቢን እግሩን መሬት ላይ ሲመታ፣ ሁሉም ይጠፋል። ያን ማጣት አልቻልኩም። ምንም ባይሉኝም ሰዎች አጠገቤ እንዳሉ ማወቅ እፈልጋለሁ።

በመጨረሻ ኒቬዲታ ወደ አንዲት የጆሮ ባለሙያ ወሰደችኝ። ወይዘሮ ቫናጃ ይባላሉ፤ ባንቺ ዕድሜ የሚሆኑ፣ ምላሳቸው የማያርፍ ሴት ናቸው። ጆሮዬን ከመረመሩ በኋላ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ከሶህራ ስላቸው «ያ ዝናብ የማያባራበት? ታዲያ ግማሽ ጃንጥላ ይዞ መውጣት ማን አስተማረህ? ክፍት የተውከው ጆሮ በድራሙ ይደነቁራል፤ የደፈንከውን ደግሞ ድምፅ ስትጨምርበት አንተው ራስህ ታደነቁረዋለህ» ብለው ወረዱብኝ። ከዚያ ረጋ ብለው የሄደው ጥቂት እንደሆነ፣ የቀረውን ማዳን እንደሚቻል ነገሩኝ። በራሴ ጆሮ ልክ ማሠራት እንዳለብኝ ተስማማን። ብዙ ወጪ ነው፤ ግን ስለ ገንዘቡ አታስቢ፤ ተወጥቼዋለሁ።

ለመለካት ስቀመጥ አፌ ውስጥ የነበረውን ኩዋይ አውጥቼ በወረቀት ጠቀለልኩና ኪሴ ከተትኩት። ሐኪም ፊት አፍ ሞልቶ መቅረብ ነውር ነው ብለሽ አይደል ያሳደግሽኝ? እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ አፌን ገጥሜ፣ ስብከት እንደሚያዳምጥ ሰው ቀጥ አልኩ። ወይዘሮ ቫናጃ ሊጥ የመሰለ ነገር ሁለቱም ጆሮዬ ውስጥ ሞሉና እስኪጠነክር ጠበቁ። «እንዳንተ አርፎ የሚቀመጥ ሰው አላየሁም» ብለውም አመሰገኑኝ። ያንቺ አስተዳደግ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ማዳመጫው ተሠርቶ ሲመጣ ልክ እንደ ጆሮዬ ውስጥ ጠምዛዛ፣ ጠንካራና የሚያብረቀርቅ ነበር። ልምምድ ላይ አደረግኩትና ትልቁን ከበሮ መታሁ። እማዬ፣ ሆዴ ውስጥ ተሰማኝ! እግሬን አገኘሁት። ጆቢንም ዞር ብሎ አየኝና ራሱን ነቀነቀልኝ። ደስ ሲለኝ እንደ ልማዴ አንድ ኩዋይ ጎረስኩ፤ ከበሮው ጠፋ። ድምፁን ጨመርኩ። ድንገት ተመልሶ ጆሮዬን በመዶሻ መታኝ። ደግሞ ጠፋ፣ ደግሞ መጣ። ዘፈኑ ተበላሸ። ተበላሽቷል ብዬ ማዳመጫውን ሳገላብጥ ጆቢን «ይሄን ሁሉ አውጥተህ ጭራሽ ባሰብህ እኮ! የተበላሸው ማዳመጫው ሳይሆን የተሸከመው ጭንቅላት ነው» አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ቤቴ ስገባ ግን አለቀስኩ። ይህን ለባሪሻ እንዳትነግሪያት።

ወይዘሮ ቫናጃ ጋ ተመልሼ ሄድኩ። አዩት፣ ለኩት፣ ጆሮዬ ውስጥ ገባ ወጣ አደረጉት፤ ምንም እንከን የለውም። አመስግኜ ተስፋ ቆርጬ ስወጣ፣ በሩ ላይ ኩዋዬን አውጥቼ ጎረስኩ። ከኋላዬ ያዩኝ ኖሯል፤ «ቆይ! ቆይ እስቲ! ምንድነው የጎረስከው?» አሉኝ። ኩዋይ ነው አልኳቸው። «ድራም ስትመታም አፍህ ውስጥ ነው?» ስመታም፣ ስሄድም፣ ስቀመጥም አልኩ። «ታዲያ ስለካህ የት ነበር?» ኪሴ ውስጥ ስላቸው ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡና እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

እስቲ አሁን ትንሿን ጣትሽን ጆሮሽ ውስጥ አድርጊና አገጭሽን እንደምታኝኪ አንቀሳቅሺው። ይሰማሻል? የጆሮሽ ግድግዳ ይንቀሳቀሳል። የኔ ማዳመጫ የተለካው አፉን ገጥሞ ቀጥ ላለ ሰው ነው። ሳኝክ ጆሮዬ ቅርጹን ይለውጣል፤ ጠንካራው ማዳመጫ ግን አብሮት አይለወጥም። በዚያ ክፍተት ነው ከበሮዬ እየሾለከ የሚጠፋው። ይህ ችግር የሚደርሰው በጨዋ ደንብ ኩዋዩን ኪሱ ከትቶ ለሚለካ የሶህራ ልጅ ብቻ ነው አሉኝ።

«ወይ እሱን ማኘክ ተው፣ ወይ እንደገና እንለካህ» አሉኝ። መተው ይቻለኝ ይሆናል። ግን በዚህ ከተማ ቋንቋዬን የማወራው ሰው የለኝም፤ ስሜን ሙሉውን የሚጠራው የለም፤ ምግቤም የእነሱ ነው። ኩዋዩንም ከተውኩ ከቤታችን ምን ቀረኝ? እንደገና ይለኩኝ አልኳቸው። ሊጡ ጆሮዬ ውስጥ እስኪጠነክር ድረስ ቀስ እያልኩ እንዳኝክ አደረጉኝ፤ በጠንካራው ፈንታም ለስላሳና የሚተጣጠፈውን መረጥን። እሳቸው እንኳን «የኬክ ሣጥን» እንዳይሆንብኝ የውጭውን ድምፅ የሚያስገባ ቀዳዳ ያለው ዓይነት እንዳለ ነግረውኝ ነበር፤ ከሰው ወሬ ጋር ድራሜ ላይ የተሰቀሉት የናስ ሳህኖች ጩኸትም አብሮ ስለሚገባ ግን ለድራመር አይሆንም። ተውኩት። ስንጨርስ ከኩዋዬ ሰጠኋቸው። ይመልሱታል ብዬ ስጠብቅ ተቀበሉኝና ጎረሱት። ወዲያው ፊታቸው ቀልቶ ላብ አጠመቃቸው፤ «ይሄን እየጎረስክ ነው እንዴ ቆጥረህ የምትመታው!» አሉ በመሐረባቸው እያራገቡ። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ ከእጄ የተቀበለኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው።

ባለፈው ቅዳሜ በአዲሱ ማዳመጫ ሆቴሉ ውስጥ ተጫወትኩ። ሁለቱንም ጆሮዬን ደፍኜ፣ ኩዋዬን ጎርሼ። አንዲትም ምት አላመለጠችኝም፤ ድምፁንም ዝግ አድርጌ ነው። ጆቢን ሲጨርስ በግርዶሹ ላይ መዳፉን ለጠፈልኝ። በገና በዓል የምመታው እኔው ነኝ፤ ስለ ሥራዬ አታስቢ።

ግን ዘፈኑ ሲያልቅ ሰው ሁሉ ተነሥቶ አጨበጨበ፤ እኔ ምንም አልሰማሁም። እጆች ሲገናኙ አያለሁ፣ አፎች ሲከፈቱ አያለሁ፤ ጆሮዬ ውስጥ ያለው የኒቬዲታ ትንፋሽ ብቻ ነው። አንድ ሽማግሌ ወደ ግርዶሹ ቀርበው አንድ ነገር አሉኝ። ምን እንዳሉ አላውቅም። ፈገግ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁላቸው። ያን ጊዜ አንቺ ትዝ አልሽኝ። ከቅዳሴ ስትወጪ ሰው ሁሉ ከቦሽ ሲያወራ ፈገግ ብለሽ ራስሽን ትነቀንቂ የለ? እማዬ፣ እዚያ ውስጥ ብቻሽን ነሽ ለካ።

ቤቴ ገብቼ አልጋዬ ላይ እንደተቀመጥኩ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። ያ ከሺሎንግ ከተማ ያመጣንልሽ የመስሚያ መሣሪያ! ክሊኒኩ ውስጥ ጸጥ ብለሽ ስትቀመጪ መሣሪያው ምንም አላለም ነበር። ቤት ገብተሽ ኩዋይሽን ስትጎርሺ ግን ያፏጭ ጀመር። አጎቴ ሮይስቶን «ሻይ ፈላ! አውርዱ!» እያለ ሲስቅ፣ አንቺ ከፉጨት በቀር የምሰማው የለም ብለሽ አውልቀሽ በሻይ ቅጠል ጣሳ ውስጥ ከተትሽው። ሁላችንም መሣሪያው የማይረባ ነው አልን። እኔ አጠገብሽ ተቀምጬ አይቻለሁ እኮ፤ ሊለኩሽ ሲሉ ኩዋይሽን አውጥተሽ በቅጠሉ ጠቅልለሽ፣ እጅሽን ጉልበትሽ ላይ አድርገሽ፣ አፍሽን ገጥመሽ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ወይዘሮ ቫናጃ በራቸውን ሳይከፍቱ ደጃቸው ላይ ደረስኩ። ነገሩን ስነግራቸው አልሳቁም። «ሳላያቸው አልምልም። ጆሮ ከዓመት ዓመት ይደክማል፤ መሣሪያውም አርጅቶ ይሆናል። ግን ሲያኝኩ ብቻ የሚያፏጭ ከሆነ ድምፁ በክፍተት እየወጣ ተመልሶ ሲገባ ነው። መጀመሪያ የምጠረጥረው ልኩን ነው» አሉኝ።

የምለምንሽ ይህን ነው። ከባሪሻ ጋር ሺሎንግ ሂጂ። መሣሪያውን ከጣሳው አውጥተሽ ያዢ፤ ለጆሮሽ እንደገና ይለኩሽ፤ ለስላሳውንም ጠይቂ። ኩዋይሽ አፍሽ ውስጥ ይሁን። አውጪው ቢሉሽ ልጄ አይሆንም ብሏል በያቸው። ነውር ነው አትበይኝ። ለነሱም አንድ አንድ ስጫቸውና አብረውሽ ያኝኩ። ምናልባት አይሠራ ይሆናል፤ ያን ጊዜ እንዲህ እየጻፍኩልሽ እኖራለሁ። ግን ሳንሞክረው እንዳይቀር።

ባሪሻን ሳሚልኝ፤ ቤቱንም አንቺንም ስለያዘችልኝ አመሰግናታለሁ፤ ስትጮኽብሽ ግን ቀስ ትበል። ባሏን ባንሻንን ጣሪያውን ከበዓሉ በፊት ያየው ዘንድ ጠይቂልኝ። ለልጃቸው የምትሆን ቀይ ሹራብ ገዝቻለሁ፤ ሰው ሳገኝ እልካለሁ። አጎቴ ሮይስቶንን እጅ ነሥቻለሁ፤ ስለ ፉጨቱ የቀለደውን ይቅር ብየዋለሁ በይው። ለጎረቤቶቻችን ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ቤት ካለው ኩዋይ በኔ ስም ለያንዳንዳቸው አንድ አንድ አቅምሻቸው።

ላንቺ ደግሞ እማዬ፣ ሰላምታዬ አያልቅም። ድምፄን መጨረሻ የሰማሽው ከልጆቹ ጋር ቤተ ክርስቲያን ስዘምር ነው፤ ያኔ ቀጭን ነበር። ከዚያ ወዲህ ጎርንኗል፤ ካረፈ ወዲህ በእግዜር ቤት ኩዋይ የሚያኝከውን የአባቴን ድምፅ መስሏል ይላሉ። መሣሪያው ከሠራና ስልኩን ራስሽ ካነሣሽው፣ ሌላ ሰው መስሎሽ ለባሪሻ እንዳትሰጫት። እኔ ነኝ።

ልጅሽ ዳማንባ

ቤንጋሉሩ፣ ኤጂፑራ
ኖቬምበር 20 ቀን 2019